‹‹ኮስት ሼሪንግ››ን ማን ይከፍላል? ለማንስ ይከፈላል?

የእህቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቤቴ መጣች። ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ አግኝታ ነበርና ደስታው ገና ከፊቷ አልጠፋም። ሻይ እንኳ ሳይቀዳላት ግን ከቦርሳዋ ወረቀቶች እያወጣች ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ያውቃሉ፤ እስቲ ይኼን ነገር ይዩልኝ›› አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ድርጅቱ ለሠላሳ ስድስት ወራት በየወሩ ከደመወዟ 600 ብር ‹‹ኮስት ሼሪንግ›› እያለ ቆርጧል። ድምሩ 21,600 ብር ነው። በተማሪነቷ በየዓመቱ በፈረመችው ውል ላይ የሰፈረው ዕዳም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እሷም እንደ ሙያዋ ደምራ ቀንሳ ‹‹ከፍዬ ጨርሻለሁ›› ብላ ተቀምጣለች። ዋናውን ዲግሪዋንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷን ልታወጣ ስትሄድ የወጪ መጋራት ዕዳ እንደሌለባት የሚገልጽ ክሊራንስ ተጠየቀች። ክሊራንሱን ፍለጋ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ስትሄድ ደግሞ በስሟ ገቢ የሆነ አንድም ብር አልተገኘም።

የሰው ገንዘብ ቆርጦ ያላስገባውን ድርጅት ስም እዚህ ላይ አልጠራም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እሷ ብቻ እንዳልሆነች ግን በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ወላጆችም ሆኑ ራሳቸው ምሩቃኑ፣ የከፍተኛ ትምህርት ዋጋ በየት በየት በኩል እንደሚከፈል የጠራ ግንዛቤ ሲኖራቸው አይታይም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባው ‹‹በነፃ ነው የምማረው›› ይላል። የግል ኮሌጅ የገባው ደግሞ በየሴሚስተሩ የሚከፍለውን ብቻ ወጪ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱም ሒሳባቸው ልክ አይደለም።

እኔ የተማርኩበት ዘመን

እኔ በ1980ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ ሕግ ስማር ምግቡም፣ አልጋውም፣ ትምህርቱም የመንግሥት ነበር። ወጡ ቀጭን ነው፣ ዳቦው ደርቋል እያልን ስናማርር አራት አምስት ዓመት አሳለፍን እንጂ ማናችንም ‹‹ይህን ማን ይከፍላል?›› ብለን አልጠየቅንም። የምትከፍለው፣ ልጇ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የማይረግጥላት የገጠር ገበሬ ጭምር ነበረች። ይህን የተረዳሁት በኋላ፣ ራሴ ግብር መክፈል ስጀምር ነው።

ለነገሩ ‹‹ለተማርክበት ውለታ መልስ›› የሚለው ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ በአብዛኛው ያስተምር ነበር። ያኔ ክፍያው በጉልበትና በጊዜ ነበር ማለት ነው። በገንዘብ ክፈሉ መባል የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ነፃ ትምህርት ይሰጣል አይልም። አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። በዚህ በር ገብቶ ነው በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 የወጪ መጋራትን ያስተዋወቀው። ተከትሎም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዝርዝር ደንብ አወጣ። አዋጁ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 650፣ ቀጥሎም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። መርሁ ግን ከአዋጅ ወደ አዋጅ እየተሸጋገረ እዚህ ደርሷል።

ግብር ነው ዕዳ?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የደነገገው በአጭሩ ይህን ነበር። ከመንግሥት ተቋም የሚመረቅ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የሚከፍለው ሥራ ይዞ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ሲሆን፣ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል። የመክፈያው ጊዜ ከ15 ዓመት መብለጥ የለበትም። እየተማረ በቅድሚያ ለሚከፍል 5 በመቶ ቅናሽ ነበረው። መምህር ለመሆን የሠለጠነ ዕዳውን በአገልግሎት ይመልሳል።

ደንቡ ለዚህ ክፍያ በእንግሊዝኛው ቅጂ የሰጠው ስም ‹‹የምሩቃን ግብር›› የሚል ነው። ይህ ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። ግብር ቢሆን ኖሮ ጣሪያ አይኖረውም ነበር። የተማረ ሰው ገቢ እስካለው ድረስ ይከፍላል፣ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል፣ ‹‹ጨርሻለሁ›› የሚባል ነገር የለም። የእኛው ግን መጠኑ በውል የተወሰነ፣ ሲከፈል የሚያልቅ ነገር ነው። አውስትራሊያ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጀመረችው፣ እነሱ ‹‹ሄክስ›› ከሚሉት ከገቢ ጋር የተያያዘ ብድር ጋር ይመሳሰላል። ገቢ ከሌለህ አትከፍልም፣ ገቢ ስታገኝ ከገቢህ ተመጥኖ ይቆረጣል።

ስለዚህ በበኩሌ ነገሩን የማየው በግብር ማሽን የሚሰበሰብ የውል ዕዳ አድርጌ ነው። ይህ የሕግ ባለሙያዎች የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ እህቴ ልጅ ጉዳይ ስመለስ ልዩነቱን ያየዋል። ዕዳ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ዕዳ አከፋፈል የሚለው ሁሉ ይመለከተዋል።

እዚህ ላይ ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው በየዓመቱ ምዝገባ ላይ ሰልፍ ይዞ፣ ከኋላው ሃምሳ ሰው እየገፋው የሚፈርመው ወረቀት ውል ነው። አብዛኛው ሳያነበው ይፈርማል። አንዳንዱ እንዲያውም 18 ዓመት ሳይሞላው ይፈርማል፤ የቤተሰብ ሕጋችን እንዲህ ያለውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፣ ለብቻው የገባው ውልም ሊፈርስ የሚችል ነው። እስካሁን ይህን አንስቶ የተከራከረ ሰው አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝም አብሬው የምሰለፍ አይመስለኝም፤ ልጁ በልቷል፣ ተምሯል። ያም ሆኖ አንድን ልጅ ዓመታት የሚከተለው ሰነድ የሚፈረምበት ሁኔታ ይህ መሆኑ የሚያሳፍር ነው።

በውሉ ላይ ተማሪው የሚመርጣቸው ነገሮች አሉ። ምግብና መኝታ በዓይነት ይወስዳል ወይስ አይወስድም? ግቢ ውስጥ የሚበላው ‹‹ካፌ›› ይባላል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ የሚበላው ‹‹ነን ካፌ›› ነው። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ያልተጠቀመበት አልጋ በውሉ ላይ እንዳይሞላበት ቅጹን አንብቦ መፈረም አለበት። ከአራት ዓመት በኋላ ‹‹እኔ ዶርም አላደርኩም›› ብሎ መከራከር በጣም አድካሚ ነው። የየዓመቱን ውል ኮፒ ማስቀረትም እንዲሁ።

22 ብርና 100 ብር

ብዙ ወላጆች ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር የዕዳው መጠን በቅርቡ እንዴት እንደሚያድግ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት የሚችል ሰው ካለ የገንዘብ ሚኒስትር ሊሆን ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹም አልቻሉምና በ2017 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደረገ። መጨመሩ ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ አይማርም። ነገር ግን ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ነው የሚለውን መርህ እንዳለ ከወሰድነው ሒሳቡ ምን እንደሚመስል እንይ። ስሌቱ የእኔ ነው፣ ከውል ቅጽ የተገለበጠ አይደለም።

ተማሪው በዓመት 300 ቀን ግቢ ውስጥ ይበላል እንበል። በ22 ብር ሒሳብ በዓመት 6,600፣ በአራት ዓመት 26,400 ብር ነው። በ100 ብር ሒሳብ በዓመት 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ይህ የምግብ ብቻ ነው፤ መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልተደመረም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አሥር በመቶው 1,150 ብር ነው። በዚህ ሒሳብ የምግቡ ዕዳ ብቻ ተከፍሎ የሚያልቀው በ104 ወር ገደማ፣ ማለትም ስምንት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ ነው። በድሮው በ22 ብር ሒሳብ ቢሆን ግን በሃያ ሦስት ወር ይጠናቀቅ ነበር።

ከዚያው ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለ፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር አለ። በተረፈው ነው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገደብ ማበጀቱ በከንቱ አይደለም።

ደመወዙ እያደገ ሲሄድ ዓመቱ ያጥራል የሚል ክርክር ይነሳል፤ እውነት ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው ብር በቁጥሩ እንዳለ ሲቆይ የኑሮ ውድነቱ ያሳንሰዋል የሚልም አለ፤ ይህም እውነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተመረቁት ልጆች ዕዳቸው ዛሬ ሲታይ ያስቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገና ሥራ ያላገኘው ልጅ ነው። ገቢ ከሌለው አይቆረጥበትም፤ ነገር ግን ሥራ ፍለጋ ዋናውን ዲግሪ ሲጠየቅ ‹‹ዕዳህን ክፈል›› ይባላል። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፣ ለሥራው ወረቀቱ ያስፈልጋል። ጊዜያዊ ማስረጃውን፣ ልጆቹ ‹‹ቴምፖ›› የሚሉትን፣ የሚቀበል አሠሪ ከተገኘ ይገላገላል። አገር ውስጥ ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ ውጭ አገር ያለ ተቋም ግን ቴምፖ የሚባል ነገር አያውቅም።

በግል ኮሌጅ በኩል

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር እየጠበበ መምጣቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት ይነግረናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት፣ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 48,929ኙ፣ ማለትም 8.4 በመቶ አልፈዋል። ቀሪው ግማሽ ሚሊዮን ወጣት የት ይሄዳል? ከፊሉ በማካካሻ ትምህርት፣ ‹‹ሪሚዲያል›› በሚባለው፣ ከፊሉ በቴክኒክና ሙያ በኩል ያልፋል። አቅም ያለው ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ከዚያ ወዲያ የግል ኮሌጅ ደጅ ላይ ያገኘዋል።

እዚያ የሚከፈለው በብር ነው፣ በየሴሚስተሩ፣ አስቀድሞ። ውሉን ስታዩ ምዝገባ፣ የክሬዲት ሰዓት ክፍያ፣ የቤተ ሙከራ፣ የመታወቂያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የመመረቂያ እያለ ይቀጥላል። ወላጅ የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። ዋጋው በሁለተኛው ዓመት እንደማይጨምር ማረጋገጫ የሚሰጥ ውል እኔ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጭማሪው እንዴት እንደሚወሰን፣ ልጁ ቢያቋርጥ የከፈላችሁት ይመለስ አይመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ወገን ብቻውን ዋጋ ሊለውጥ የሚችለው ውሉ ሲፈቅድለት ነው፤ ችግሩ ውሉን የሚጽፈው ራሱ ኮሌጁ መሆኑ ነው።

ከዋጋው ይልቅ ትልቁ አደጋ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት 12,422 ብቻ፣ ማለትም 17.2 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር በገንዘብ ተርጉሙት። በዚያ ዓመት ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች የሦስትና የአራት ዓመት ክፍያ ጨርሰው ልጃቸው ያለ ዲግሪ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ የተከፈለው ገንዘብ ግን አይመለስም። የመንግሥቱ ተማሪ ተበድሮ ሲማር፣ የግሉ ተማሪ እርግጠኛ ያልሆነ ነገር በጥሬ ገንዘብ እየገዛ ነው።

ኮሌጆቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በመካከላቸው ከብዙ የመንግሥት ተቋማት የተሻሉ አሉ፤ በዝቅተኛ ውጤት የገባን ልጅ ማንም በአራት ዓመት ተዓምር አይሠራበትም። ቢሆንም ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ልጁ ለሚማርበት ካምፓስና ለሚማረው የትምህርት መስክ ነው ወይ? ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለምና በአንዱ ቅርንጫፍ የተፈቀደ ትምህርት በሌላው ላይፈቀድ ይችላል። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት ባካሄደው ዳግም ምዝገባ ከመዝገብ የወጡት ብዙ ናቸውና ይህን በአካል ሄዶ ማጣራት ይገባል። ሁለተኛው፣ ኮሌጁ ባለፉት ዙሮች በመውጫ ፈተና ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ የሚለው ነው። መልሱን በደፈናው ‹‹ጥሩ ነው›› የሚላችሁ ሬጅስትራር ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከዚህ ሌላ መሐል ላይ የቆመ አዲስ መንገድም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት ተማሪውን ራሱ መርጦ የሚቀበል፣ ገቢውንም በከፊል ራሱ የሚፈልግ ማለት ነውና በግላቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ይቀበላል። ሌሎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መንገድ ከተከተሉ፣ ‹‹የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ክፍያ የለውም›› የሚለው ነገር የእኔ ትውልድ ትዝታ ሆኖ ይቀራል።

እቁብ፣ እህትና ፍርድ ቤት

ሰዎች ይህን ሁሉ በምን ይከፍላሉ? ባንክ የሚል መልስ የምትጠብቁ ካላችሁ ታዝናላችሁ። ኬንያ በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ብድር የሚሰጥ ቦርድ በሕግ አቋቁማለች። እኛ አገር ይህን የመሰለ ተቋም የለም። የግል ኮሌጅ ተማሪ ወደ ባንክ ቢሄድ የሚጠየቀው መያዣ ነው፤ ቤት ወይም መኪና ያለው ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ብዙም አልተቸገረም።

ስለዚህ የከተማው ሰው በእቁብ ይከፍላል። የሴሚስተር መጀመሪያ ሲቃረብ ‹‹ዕጣዬን አስቀድሙልኝ፣ የልጅ ምዝገባ አለብኝ›› የሚል ሰው ያልሰማ የእቁብ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ የምትከፍለው ዓረብ አገር ያለች እህት ናት። ራሷ አሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሄዳ፣ ሰው ቤት እየሠራች ወንድሟን ኢንጂነር ታደርጋለች። ወንድሟ ሲመረቅ ጋውኑን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ በስልኳ ታያለች። እሷን ማን ያስተምራት የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳ የለም።

ማታ በኤክስቴንሽን የሚማሩ፣ ቀን እየሠሩ ራሳቸውን የሚያስተምሩም ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ የሠፈር ልጆችን በቤት ለቤት እያስጠኑ ዲግሪያቸውን የጨረሱ አውቃለሁ። አሠሪው የሚከፍልላቸውም አሉ። እነዚህ ‹‹ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ፣ ካላገለገልኩ ይህን ያህል እከፍላለሁ›› የሚል ውል ስለሚፈርሙ፣ ዋስ የሆነላቸው ዘመድ ጭምር ውሉን ማንበብ ይኖርበታል። ሠራተኛው ሥራ ለቆ ሲሄድ የሚከሰሰው ዋሱ ነው፤ ፍርድ ቤት ስንት አጎት አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ እናቶች የማያውቁት አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 197 ቀለብ የሚለው ምግብና ልብስን ብቻ አይደለም። መኖሪያን፣ ሕክምናን፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ ትምህርትንም ይጨምራል። ስለዚህ ከተፋቱ ወላጆች መካከል ‹‹ልጁ ኮሌጅ ገብቷል፣ ወጪው ያንቺ ነው›› የሚል አባት ካለ የሕግ ድጋፍ የለውም። ፍርድ ቤቱ የአባትየውን አቅምና የልጁን ፍላጎት መዝኖ ይወስናል። ልጁ ሌላ የሚማርበት ርካሽ ቦታ እያለ ውዱን መርጦ ከሆነ ያም ይመዘናል።

በግቢ ውስጥ ለሚማረው ልጅም ቢሆን የቤተሰብ ወጪ አያልቅም። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የአውቶቡስ ወይም የአውሮፕላን ትኬት፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ላፕቶፕ፣ የስልክ ካርድ፣ የወር ‹‹ፖኬት መኒ›› አለ። የገበሬ ልጅ ከሆነ ይህ አንድ በሬ ነው፣ በየዓመቱ።

ወደ እህቴ ልጅ ጉዳይ

በማግስቱ የያዘችውን አየሁ። ሠላሳ ስድስት ወር ሠርታለች፤ የደመወዝ ወረቀት፣ ‹‹ፔይ ስሊፕ›› የሚባለው፣ በእጇ ያለው የአሥራ አራት ወር ብቻ ነው። የቀረውን ጥላዋለች። አካውንታንት ሆና ነው እንግዲህ! ከባንክ የደመወዝ መግለጫ አስወጣን፤ እሱ ግን የሚያሳየው የገባላትን የተጣራ ገንዘብ ነው እንጂ ምን እንደተቆረጠ አይናገርም።

ክርክሬ ቀላል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 ዕዳ የሚከፈለው ለባለገንዘቡ ወይም ባለገንዘቡ፣ ፍርድ ቤት አልያም ሕግ ስለ እሱ እንዲቀበል ለፈቀደለት ሰው ነው ይላል። ይህን ዕዳ እንዲቀበል አሠሪውን የፈቀደለት፣ ከመፍቀድም አልፎ ያስገደደው ደንቡ ራሱ ነው። ሠራተኛዋ ቆራጩን አልመረጠችም፣ ‹‹አትቁረጥብኝ›› የማለት መብትም የላትም። እንግዲያው 600 ብሩ ከደመወዟ በወጣበት ቀን ዕዳው በዚያ መጠን ተከፍሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዳይ የግብር ሰብሳቢውና የአሠሪው ነው። ይህን በደብዳቤ ጻፍኩ። ያነጋገረኝ ባለሙያ በትህትና አዳምጦኝ ‹‹ጋሼ፣ ያሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙ ላይ ግን የለም›› አለኝ።

በዚህ አቋሜ ፍርድ ቤት ብንሄድ እናሸንፋለን ብዬ አምናለሁ። ልጅቷ ግን በመስከረም አጋማሽ ትምህርት ይጀመርባታል፤ ክርክር ደግሞ የጀርመንን የትምህርት ካላንደር አይጠብቅም። ስለዚህ ወደ ድርጅቱ ዞርን። ከሁለት ደብዳቤና ከብዙ ምልልስ በኋላ የሃያ ሦስት ወሩን፣ 13,800 ብር አስገቡ። የቀሪው አሥራ ሦስት ወር መዝገብ በቢሮ ለውጥ ጊዜ ጠፋ ተባለ። 7,800 ብሩን ልጅቷ ለሁለተኛ ጊዜ ከኪሷ ከፈለች፣ ደረሰኟንም ተቀበለች። ዋናውን ዲግሪዋን ይዛ ወደ ጀርመን የበረረችው ትምህርት ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ነው።

እናንተም በዚህ መንገድ የምታልፉ ከሆነ የተቆረጠባችሁን ለመጠየቅ የመልቀቂያችሁን ቀን አትጠብቁ። አሠሪው ያስገባበትን ደረሰኝ ኮፒ በየዓመቱ ጠይቁ፤ ሥራ ስትለቁም በመሸኛ ደብዳቤው ላይ የተቆረጠው ድምር እንዲጻፍ አድርጉ። የግል ሥራ የሚሠራ ምሩቅ ደግሞ የሚቆርጥለት አሠሪ ስለሌለው ራሱ ሄዶ ማስታወቅና መክፈል ይጠበቅበታል።

7,800 ብሩን ልጅቷ ትታው ነበር፤ እኔ አልተውኩትም። ድርጅቱ ከሥራ ውል የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል የሚል መልስ እንደሚሰጥ እገምታለሁ። እኔ ደግሞ ይህ የደመወዝ ጥያቄ ሳይሆን በሌላ ሰው ገንዘብ ያለአግባብ የመበልጸግ ጉዳይ ነው፣ ጉዳቱም የደረሰው ለሁለተኛ ጊዜ በከፈለችበት ቀን ነው እላለሁ። ውክልናዋን ትታልኝ ስለሄደች የክስ ማመልከቻውን አዘጋጅቻለሁ። የዳኝነቱ ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ‹‹ለዚህ ብለህ?›› ብሎ ሳቀብኝ። እሱም የራሱን ኮስት ሼሪንግ ገና ከፍሎ አልጨረሰም፤ የደመወዝ ወረቀቶቹን የት እንዳስቀመጠ ብጠይቀው ግን አያውቅም።